ማን ሞቶ ነው የምትሮጪው?

ልብስ ስፌት የለመድሁት ደጎሎ ነው፤ ጊዜው ርቋል። አንድ የገበያ ቀን ከተንጠለጠለው አቡጀዲ ጀርባ ሁለት ሴቶች ቆመው ሲያወሩ ሰማሁ። ፊታቸውን አላየሁም።

«አየሻት ወይ? እንዴት እንዳማረባት!»

«ወፍራለች በይ እንጅ።»

«እሱ አይደል ወይ ማማር ማለት! ባሏ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሥጋ ከባዶ ጓዳ አይመጣም።»

ሁለተኛይቱ አንድ ነገር መለሰች፤ ግን ሥራ የሚያስለምደኝ ሰውዬ የስፌት መኪናውን ፔዳል ሲረግጥ ድምጿ ጠፋብኝ። ስለ ማን እንደሚያወሩ እንኳ አላውቅም። ያን ሰሞን ታናሽ እህቴ ንግሥቴ መካነ ሰላም ተድራ ስለነበር፣ ስለ እሷ ነው ብዬ ወሰድሁትና ደስ ብሎኝ ዋልሁ።

ይህን ሁሉ ዓመት ያ ወሬ ከጆሮዬ አልወጣም። አሁን ሳስበው የሚያናድደኝ ሁለቱ ሴቶች አይደሉም። የሚያናድደኝ አገሩ ሙሉ እስከ ዛሬ ያንኑ ማውራቱ ነው።

እኔም ኋላ መካነ ሰላም ገባሁ። መናኸሪያው አጠገብ፣ በረንዳ ላይ መኪናዬን ዘርግቼ እሰፋለሁ። ልብስ ሰፊ አፉ መርፌ ነክሶ ስለሚውል ብዙ አይናገርም፤ ይሰማል። የንግሥቴ ባል አምባቸው እህል ነጋዴ ነው፤ ቤቱ ሙሉ ነው። የእህቴ ቀሚስ በየዓመት በዓሉ ወደ እኔ ይመጣል፤ ጎኑን እተረትርና እለቅላታለሁ። ለዚህ ብዬ ገና ስሰፋው ከውስጥ ትርፍ ጨርቅ መተው ልማዴ ነበር። ሰው ሁሉ «ንግሥቴ ሞላች፣ ንግሥቴ እመቤት ሆነች» ይላል። ዳገት ስትወጣ እንደምታቃስት፣ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማሰር እንዳቃታት የሚያወራ ግን አንድ ሰው አልሰማሁም።

ነገሩ የተገለጠው በስቅለት ዕለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ስንሰግድ ዋልን፤ እኔ በወንዶቹ በኩል፣ እሷ በሴቶቹ። ቀትር ላይ ንግሥቴ በግንባሯ እንደተደፋች መነሣት አቃታት። ሁለት ሴቶች ብብቷን ይዘው አነሷት። የሳቀ ነበር። ከሳቁት ይልቅ ግን እኔን ያቃጠለችኝ ያጽናናች የመሰላት ናት።

«ተይው እቱ፣ አንችስ ባትሰግጅ! የደላው ሰው መች ይሰግዳል። እግዜርም ያውቃል» አለቻት።

እህቴ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። እስከ ማታ እንባዋ አልቆመም፤ ሰዎችም ስለ ጌታ ሕማም የምታለቅስ መስሏቸው አደነቋት።

ከፋሲካ በኋላ ጤና ጣቢያ ወሰድኋት። ሉሊት የምትባል ነርስ፣ ቀጭን ፈጣን ልጅ፣ የደሟን ስኳር ለካች፣ ሚዛን ላይ አቆመቻት።

«እትዬ ንግሥቴ፣ ስኳሩ ጀምሮዎታል። ገና ነው፤ አልጠናም። ክብደትዎን ከቀነሱ ሊመለስ ይችላል። ካልቀነሱ ግን…»

የቀረውን ንግሥቴ ጨረሰችላት። «እንደ እናቴ።»

እናታችን ወረኢሉ ነበረች። የእግሯ ጣት ቆሰለ፣ ቁስሉ አልደርቅ አለ፣ ደሴ ወስደናት እግሯ ተቆርጦ ተመለሰች። ብዙም አልቆየች። እሷንም አገር ሁሉ «ያማረባት» ነበር የሚላት።

«ጾሙን ሁሉ እጾማለሁ እኮ» አለች ንግሥቴ።

«ይጾማሉ። ሰዓቱ ደርሶ ሲፈታ ደግሞ በዘይት የራሰ ሽሮ፣ ድንች ወጥ፣ ከላይ ለስላሳ። አይደለም ወይ?»

«ደጃፌ ቆመሽ ታያለሽ እንዴ አንች ልጅ?» አለችና ሁለቱም ሳቁ።

ምግቡን ቀንሺ፣ ተንቀሳቀሺ፣ መጀመሪያ በእርምጃ ከዚያ በሶምሶማ አለቻት። ንግሥቴም ከዳግማዊ ትንሣኤ ማግስት ጀመረች። ኪዳን አድርሳ፣ ገና ሰማዩ ሳይጠራ፣ ወደ ድሮው አውሮፕላን ሜዳ ትወርዳለች። ከቀሚሷ ሥር የምትለብሰው ሰፊ ሱሪ ሰፋሁላት። በመጀመሪያው ሰሞን ከመንገዱ እስከ ባሕር ዛፎቹ እንኳ ሳትደርስ ወገቧን ይዛ ትቆም ነበር። በሬዎች ይግጣሉ፣ እሷ ትቆማለች፣ እንደገና ትነሣለች። ለማንም አላማረረችም።

አላማረረችም፤ ሰው ግን አላስቀመጣትም። በእኛ አገር አንድ ጎልማሳ፣ ያውም ባለትዳር ሴት፣ መንገድ ለመንገድ ከሮጠች ወይ ቤት ተቃጥሏል ወይ ሰው ሞቷል። ሌላ ምክንያት የለም። ያገኛት ሁሉ ያስቆማታል።

«ንግሥቴ! ማን ሞቶ ነው የምትሮጪው?»

«ማንም አልሞተ። ለጤናዬ ነው።»

«ለጤናሽ? ምን ሆንሽ ደግሞ? አሞሽ ነው?»

«እንዳያመኝ ነው።»

«ኧረ ተይ፣ እንዲህ አምሮብሽ!»

የባጃጅ ልጆች በጎኗ እየነዱ «እትዬ፣ በነፃ ላድርስዎት!» ይላሉ። አንዱማ «ወርቁን ይዘሽልን ግቢ!» ብሎ ጡሩንባውን ነፋባት። ልብ በሉ፤ በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ሰዓት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በቁምጣ ይሮጣሉ። እነሱን «ማን ሞተባችሁ» ያላቸው የለም። እነሱ ስፖርተኞች ናቸው፤ መሮጥ የማያስፈልጋቸው! የሚያስፈልጋት እሷ ስትሮጥ ግን ወይ መሳቂያ ናት ወይ መርዶ ነጋሪ። ይህን በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ ስሰማ መርፌውን በጥርሴ እነክሰው ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ሰውነቷ መቅለል ጀመረ። እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ቀሚሷን ይዛልኝ መጣች።

«ጋሼ፣ አጥብብልኝ።»

በሥራ ዘመኔ ሁሉ ቀሚስ የምታስለቅቅ እንጂ የምታስጠብብ ባለትዳር ሴት ደጃፌ መጥታ አታውቅም። ደስታዬን ምን ልበላችሁ። ጎኑን ሰብስቤ ሰፋሁ፤ ትርፉን ጨርቅ በመቀስ ቆርጬ ጣልሁት።

ሰው ግን አሁን ደግሞ ሌላ ዜማ ያዘ። «ንግሥቴ ምን ነካት?» «አምባቸው ከስሮ ይሆን?» «ኧረ የሚያሳስብ በሽታ ነው፤ አትናገሩ እንጅ!» ሲሳቅባት የከረመችው ሴት አሁን ይታዘንላት ጀመር። አምባቸው አንድ ቀን ቀሚሱን በፌስታል ይዞ መጣ፤ ደንበኞቼ እስኪሄዱ ጠብቆ ነው የተናገረኝ።

«ስማቸው፣ ይኼን ነገር መልሰህ ልቀቅልኝ።»

«እሷ ናት ያለችህ?»

«እኔ ነኝ። ሰው ምን እያለ እንደሆነ አትሰማም? ጎተራዬ ሙሉ ሁኖ ሚስቱን አስራባት ተባልሁ። ገበያ መቆም አፈርሁ እኮ!»

«እግሯ ቢቆረጥ አታፍርም?»

«ሟርትህን ተወኝ። ትለቀዋለህ አትለቀውም?»

«ትርፍ የለውም። ቆርጬ ጥዬዋለሁ።»

ፌስታሉን ነጥቆኝ ሄደ። ለንግሥቴ አልነገርኋትም። ቤት ሄዶ ግን «ወይ ሩጫውን ወይ እኔን» እንዳላት በኋላ ጎረቤቷ ሁዳ ነግራኛለች። እህቴ ሰምታው ጠዋት ተነሥታ ሮጠች።

ኅዳር ገባ። አምባቸው አይሱዙ ተከራይቶ እህል ሊጭን አጅባር ሄደ፤ እዚያው አደረ። በማግስቱ ጠዋት ውርጭ ነበር። ንግሥቴ እንደ ልማዷ ወጣች። የነጠላዋ ጥለት ሲወርድ ጉልበቷ ላይ እየተጠመጠመ ስላስቸገራት ገለበጠችውና ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ አጣፋችው። በእኛ ዘንድ ነጠላውን እንዲያ የሚዘቀዝቅ ሐዘንተኛ ብቻ ነው። እሷ ስለ ጥለት መች አሰበች! የዚያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሜዳው እስከ ሰፈሯ ያለውን ዳገት ሳትቆም ልትጨርሰው ነበር።

እቴቴ የምትባል አሮጊት አጥሯ ሥር ፀሐይ ስትጠብቅ አየቻት።

«ንግሥቴ! ምነው? ማን ሞቶ ነው?»

ንግሥቴ ከየት ታምጣው፣ ቃል የሚያወጣ ትንፋሽ አልነበራትም። በመዳፏ ደረቷን መታ መታ አደረገች፤ ትንፋሽ አጠረኝ ማለቷ ነው። አልፋ ሮጠች።

እንግዲህ እቴቴ ያየችው ምንድን ነው? ነጠላዋን የዘቀዘቀች፣ እየሮጠች ደረቷን የምትመታ፣ ባሏ በጭነት መኪና አገር ያቋረጠ ሴት።

«ወይኔ አምባቸው! ወይኔ ልጄ!» ብላ አጥሩ ሥር ተዘረጋች።

ሁዳ ከቤቷ በባዶ እግሯ ወጣች። ሁዳና ንግሥቴ እንደ እህት ናቸው፤ ባንዷ ቤት ያለው የሌላዋ ነው። «ያረቢ! ወንድሜን! ምን በላብኝ!» እያለች ጮኸች። አንዱ ለአምባቸው ስልክ ደወለ፤ «ማግኘት አይችሉም» አለ ስልኩ። እንደ ልማዱ ኔትወርክ ጠፍቶ ነው፤ ግን በዚያ ሰዓት ስልኩም መርዶ ነጋሪ ሆነ። ቅሬ የምንለው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀባበርበት ማኅበር አለን። የቅሬው ጥሩምባ ነፊ አራጌ ጩኸቱን ሲሰማ ጥሩምባውን አነሣ።

እኔ በረንዳዬ ላይ መኪናዬን ልዘረጋ ነበር። አራጌ «የአምባቸው ቤት ነው፣ ውጡ!» ሲል ሰማሁ። ሮጥሁ። እኔን ግን ማንም «ለምን ትሮጣለህ» አላለኝም።

ንግሥቴ ይህን ሁሉ አታውቅም፤ ጓሮ ገብታ ሰውነቷን ትታጠባለች። ጩኸት ሰምታ ፀጉሯ እየተንጠባጠበ ስትወጣ ግቢው በሰው ተሞልቷል።

«ማን ነው? ማን ሞተ?» አለች።

ሁዳ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። «አይዞሽ የኔ እህት፣ ልቡናሽን አትሳቺ! አምባቸውን አላህ ወሰደው!»

እህቴ ወደቀች። ምን ታድርግ፤ ከእሷ በቀር አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ነገር መሰላት። እሷ ስትወድቅ ደግሞ የተጠራጠረም አመነ። እኔም አመንሁ። ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተጣደ፣ ወረኢሉ ላሉት ዘመዶቹ ሰው ተላከ።

ረፋዱ ላይ አምባቸው ጭነቱን ከሹፌሩ ጋር ትቶ በሚኒባስ መናኸሪያው ደረሰ። ከዚያ ሆኖ ቤቱ ደጃፍ ላይ ድንኳን አየ። አጠገቡ የነበረ ሊስትሮ ነው ያየውን የነገረን። ኮፍያው ከራሱ ላይ ወደቀ፤ ያን ታላቅ ሆዱን ይዞ ሮጠ። አምባቸው! ሩጫ ውርደት ነው ያለው አምባቸው፣ ጫማው እየወለቀ፣ በመንገዱ መኻል «ንግሥቴ! ንግሥቴን!» እያለ ሮጠ። ማን ሞቶ ነው ብሎ አልጠየቀም። ድንኳን ቤቱ ላይ ከቆመ የሞተችው ሚስቱ ናት።

ድንኳኑ አፍ ላይ ደረሰ። ደረቱን ይዞ ተዘረጋ፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። ለቀስተኛው የሞተውን ሰው ሲያይ ግማሹ አማተበ፣ ግማሹ ሸሸ። ንግሥቴ ግን ተነሥታ ራሱን ታቀፈችው።

«አለሽ?» አላት፣ በስንት መከራ።

«አለህ?» አለችው።

እልልታ ሆነ፤ ለጥቂት ጊዜ። አምባቸው ውኃ ጠጥቶ ትንፋሹ ሲመለስ ነገሩ ተጣራ። ሩጫ፣ ነጠላ፣ ደረት። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ይስቃል፣ ይገላገላል ብዬ ነበር። አልሳቁም። ንፍሮው አንዴ ተቀቅሏልና እየበሉ ተቆጡ። የቆመ ሰው ንፍሮ እየቆረጠሙ በእህቴ ላይ ፈረዱባት!

የቅሬው ዳኛ ጋሽ ገበየሁ በትሩን ተደግፈው ድንኳኑ መኻል ተቀመጡ።

«በቁሙ ያለ ሰው ተለቅሶበታል። ይህ ሟርት ነው። ሟርቱ እንዳይደርስብን፣ ንግሥቴ ሁለተኛ ላትሮጥ እዚሁ ፊታችን ትማል።»

«ትማል!» አለች እቴቴ። «እኔ ልቤ ቀጥ ብላብኝ ነበር።»

እኔ ሽማግሌ ፊት የማልናገር ሰው ነኝ። የዚያን ለት አልቻልሁም።

«ጋሽ ገበየሁ፣ ይቅርታዎን። ከቤተሰቡ ሳይሰማ ጥሩምባ እንዳይነፋ የደነገጋችሁት እናንተ ናችሁ። ማን ነፋ?»

«አራጌ» አሉ።

«እኔማ እቴቴ ስትጮህ ሰምቼ ነው!» አለ አራጌ።

«እኔ ጥሩምባ ንፋ አልሁህ?» አለች እቴቴ። «ያበደ!»

«ወላሂ ነገሩን ያባባስሁት እኔ ነኝ» አለች ሁዳ፣ ዓይኗ አብጦ። «እሷ እኮ ‘ማን ሞተ’ ብላ ጠየቀችኝ። አሁን ነው ትዝ ያለኝ። ለቀስተኛ ያልሆነች እሷ ብቻ ነበረች፤ እኔ ነኝ ያስለቀስኋት።»

«ታዲያ የሚማለው ስለ ምን ነው?» አልሁ። «ይህን ሁሉ ስታደርጉ እሷ ምን አጠፋች? ሮጠች። አለቀ።»

«ስማቸው፣ አንተ ዝምተኛ ነበርህ» አሉኝ ጋሽ ገበየሁ፣ በቁጣ። «ንግሥቴ፣ ነይ ማይ።»

እህቴ ቆመች። ነጠላዋን አስተካክላ አጣፋችው፤ ጥለቱን ወደ ታች።

«አልምልም፣ ጋሽ ገበየሁ። እናቴን ታውቋታላችሁ፤ እቴቴ፣ ወረኢሉ ድረስ መጥተሽ ቀብረሻታል። እግሯን ቀድመን ነው የቀበርነው። እኔን ደግሞ ያው በሽታ ጀምሮኛል። ለማንም ያልነገርሁት ‘ደላት’ ስትሉ እንዳላሳፍራችሁ ነው። ከፋሲካ ወዲህ ስሮጥ ቆማችሁ ስቃችኋል፤ አንድ ሰው ‘በርቺ’ ያለኝ የለም። ዛሬ ላልሞተ ሰው ጥሩምባ በማለዳ ነፋችሁ፣ ድንኳን በአንድ ጊዜ ተከላችሁ፣ ንፍሮው ደረሰ። ተባረኩ። ስሞትማ እንዴት አሳምራችሁ ትቀብሩኛላችሁ! እኔ ግን አሁን መቀበር አልፈልግም። በመጪው ስቅለት ወድቄ ብቻዬን መነሣት ነው የምፈልገው። በቃ።»

ንፍሮ የሚያኝክ እንኳ አቆመ። ጋሽ ገበየሁ ወደ አምባቸው ዞሩ።

«አንተ ባሏ ነህ። ምን ትላለህ?»

ይህም አናደደኝ። እሷ ተናግራ ጨርሳለች፤ ምን ሊጠየቅ ነው? አምባቸው ግን የሚያየው እሷን ነበር። ደረቱ ገና ከፍ ዝቅ ይላል።

«ከመናኸሪያ እስከዚህ ነው የሮጥሁት» አላት። «ልቤ በአፌ ልትወጣ ነበር። አንች በየቀኑ ይኼን ነው የምታደርጊው?»

«ከዚህ ይርቃል።»

«ዳገቱንስ?»

«ዛሬ ሳልቆም ወጣሁት። ልነግርህ ነበር፤ ሞተህ አገኘሁህ።»

አንዱ ፈነዳ፣ ሳቁ ድንኳኑን አዳረሰው፤ ጋሽ ገበየሁ ራሳቸው በበትራቸው ፊታቸውን ከለሉ። አምባቸው አልሳቀም።

«ጋሽ ገበየሁ፣ መሐላው ይቅር» አለ። «እኔ ካሁን በኋላ አብሬያት እወጣለሁ። ስማቸው፣ ያንን የእሷን ዓይነት ሱሪ ለእኔም ስፋልኝ። ከፊቷ እሆናለሁ፤ ‘ማን ሞቶ ነው’ የሚል ቢመጣ እኔን በቁሜ ያያል።»

«ኢንሻአላህ!» አለች ሁዳ።

«ከፊቴ አይሆንም» አለች ንግሥቴ።

«ምነው?»

«አትችልማ። አሁን ስትወድቅ አላየሁህም? ከፊቴ ከሆንህ ቆሜ ልጠብቅህ ነው። ከቻልህ ከጎኔ፣ ካልቻልህ ከኋላዬ። ነገ ጠዋት፣ ከኪዳን በኋላ። ዘይቱንም ከዛሬ ጀምሮ አብረን እንቀንሳለን።»

አምባቸው ድንኳኑን አየ፣ ለቀስተኞቹን አየ፣ ሆዱን አየ። እኔ ሜትሬን ከአንገቴ አወረድሁ። ወገቡን ልለካ ስጠጋ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ።

«ትርፍ ጨርቅ እንዳትተውለት፣ ጋሼ» አለችኝ እህቴ።

«እሺ» አለ አምባቸው፣ እጁን እንዳነሣ። «ነገ፤ ከጎንሽ።»